የጋቢና ጣሪያ መብራት መቀየር፦ ከአምፖሉ በፊት ቀዳዳውን እይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከአባቴ የተረከብኩት እ.ኤ.አ. የ1994 ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። በጅማና በአጋሮ መካከል ቡናና የግንባታ ዕቃ እጭንበታለሁ። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ጋቢናው ጣሪያ ላይ አምስት ብርቱካናማ መብራቶች አሉት። የሚበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይጠፋሉ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጉልበቴ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። አንዱ ጋራዥ ‹ነቅለህ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈነው› አለኝ። ሌላው ‹አውጥተህ ረጅም የኤልኢዲ ባር ግጠምበት› አለኝ። እኔ ግን የአባቴ መኪና እንደነበረ ቢሆን ደስ ይለኛል። አዲስ አምስት መብራት ገዝቼ ብተካስ? ራሴ ልሠራውስ እችላለሁ? በአንድ ቀን ያልቃል?»

ምላሽ፦ ጋሼ ብለህ ስለጠራኸኝ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። አዎ፣ ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። በአንድ ቀን ግን አያልቅም፤ ለምን እንደማያልቅ ወደ ታች ስትደርስ ይገባሃል።

በጥያቄህ ውስጥ ከመብራቶቹ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ጉልበትህ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ነው። ነገ ጠዋት አምስት አዲስ መብራት ገዝተህ ብትገጥም ማታውኑ አምስቱም ይበራሉ። ሐምሌ ላይ ግን ሦስቱ እንደገና ይጠፋሉ፤ ውኃውም ይቀጥላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ግድየለሽ ሥራ እዚህ አንድ ክረምት አይሻገርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ የምትጠግነው ጣሪያ ነው። አምስት ቀዳዳ ያለው ጣሪያ ይዘሃል፤ መብራቶቹ የቀዳዳዎቹ ክዳን ናቸው።

እነዚህ መብራቶች ከየት እንደመጡ ባጭሩ ልንገርህ፤ በኋላ ስትወስን ይጠቅምሃል። ነገሩ የአሜሪካ ሕግ ነው። እዚያ አገር ስፋቱ 80 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ስፋቱን በሌሊት የሚያሳውቅ መብራት ከፍ ብሎ እንዲኖረው ይገደዳል። ሦስቱ መሐል ላይ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይኖራል። እነሱ «የምመጣው ሰፊ መኪና ነኝ» ይላሉ። የቀሩት ሁለቱ ዳርና ዳር ሆነው ስፋቱ የት ድረስ እንደሆነ ያሳያሉ። ከፊት ብርቱካናማ፣ ከኋላ ቀይ ነው። ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጎማ ያላቸው ትልልቅ የአሜሪካ ፒክአፖች ስፋታቸው ከዚያ ልክ ስለሚያልፍ ከፋብሪካ ጀምሮ አምስቱን ይዘው ይወጣሉ። ያንተ ላንድክሩዘር 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አምስቱም በእኩል ርቀት ከተደረደሩ፣ አባትህ ወይም ከእሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት ለጌጥ ያስገጠማቸው እንደሆኑ ጠርጥር። ይህ ማለት ደግሞ ቀዳዳዎቹን የበሳው ፋብሪካ አይደለም፤ ትራፓኖ (የብረት መብሻ) የያዘ አንድ ሰው ነው። የተበሳ ላሜራ ጠርዙ ቀለም ካልተቀባ ከዚያው ዕለት ጀምሮ ዝገት ይጀምረዋል።

ጌጥ ነው ስል መናቄ አይደለም። ጠዋት ጉም አጋሮ መንገድ ላይ ሲተኛ ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ከፍ ብሎ የሚታይ ብርቱካናማ መብራት ጥቅም አለው። መንገድ አያበራም፤ አንተን ግን ያሳያል። እኔ ብሆን አላነሳቸውም።

አሁን ወደ ምርመራው። ምንም ሳትገዛ፣ ምንም ሳትፈታ፣ የፓርኪንግ መብራቱን አብራና አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሽቦ ያዝ። አንዱን ጫፍ የተፋቀና ንጹሕ የሆነ የመኪናው ብረት ላይ እሰር፤ በሌላው ጫፍ የማይበራውን መብራት የኔጌቲቭ መስመር ንካ። ሲበራ ካየህ አምፖሉም ፖዘቲቩም ጤነኛ ናቸው፤ የታመመው ማሳው ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ከፋብሪካ በኋላ የተገጠሙ የጣሪያ መብራቶች አብዛኛውን ጊዜ ማሳ የሚያገኙት መብራቱን ጣሪያው ላይ ከያዘችው ቪቴ (በካቻቢቴ የምትፈታ ብሎን) ነው። ቪቴዋ ስትዝግ፣ ከሥሯ ያለው ላሜራም ሲዝግ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቪቴዋ ዝገት ላይ ቆማ ስትነቃነቅ አንዴ ትነካለች፣ አንዴ ትለቃለች። ቮልት መለኪያ ካለህ ደግሞ ይበልጥ ይነግርሃል፦ መብራቱ በርቶ ሳለ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ መብራቱ ኔጌቲቭ ለካ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየህ ያ ቮልት አምፖሉ ጋ ሳይደርስ ዝገቱ ውስጥ እየቀለጠ ነው።

ማሳ ሰጥተኸውም ካልበራ አምፖሉን አውጥተህ እይ። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጠፍጣፋ የመስታወት እግር ያለው ትንሹ የ5 ዋት አምፖል ነው። ማስገቢያው ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት ካየህ መዳቡ በውኃ ተበልቷል ማለት ነው፤ እሱን እየፋቁ መኖር አይቻልም፤ ማስገቢያው ይቀየራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አንድ ወጥመድ ልንገርህ። መርካቶ ገብተህ «የጣሪያ መብራት» ብትል የሚያወጡልህ ብዙውን ጊዜ ለአይሱዙ የጭነት መኪና የመጣውን ነው። እሱ 24 ቮልት ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ ብትገጥመው አይቃጠልም፤ ይበራል፤ ነገር ግን የሚያገኘው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርድና የሻማ ያህል ይደበዝዛል። አንተም ገመዱን ስትጠረጥር፣ ማሳውን ስትፍቅ ትውላለህ። በተቃራኒው የ12 ቮልት አምፖል 24 ቮልት ላይ ከገባ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ያንተ መኪና ሁለት ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት ባትሪ ማየት ግን 24 ቮልት ማለት አይደለም። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ታስረው ከሆነ 12 ነው። በዓይን አትፍረድ፤ መብራቱ የሚያገኘውን ገመድ ራሱን ለካው። ስትገዛም አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ ገንዘብ አትስጥ።

ቀጥሎ መፍታት። ከላይ ሽፋኑን የያዙት ትናንሽ ቪቴዎች ዝገው እንቢ ይሉሃል። ማታ የዝገት መፍቻ ዘይት ነክረህ አሳድራቸው። ጠዋት ካቻቢቴውን አጥብቀህ ተጭነህ በመጀመሪያ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ትንሽ ንካቸው፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ድምፅ ትሰማለህ፤ ከዚያ ፍታ። ራሷ የተበላችውን በቀጭን ፑንታ ራሷን ብቻ በስተህ አንሳ። ጣሪያው ላይ ግን አትቀመጥ፤ የጋቢና ላሜራ በሰው ክብደት ይሰረጉዳል፤ ካሶኒው ላይ ወይም መሰላል ላይ ሆነህ ሥራ።

ከውስጥ በኩል የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ የጋቢናውን የውስጥ መብራትና የፊት መስታወቱን ቋሚ የሸፈነውን ፕላስቲክ አውጥተህ የጣሪያውን ልባስ የፊት ጠርዝ ብቻ ዝቅ አድርግ። ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም። እጅህ ሲገባ ጉልበትህ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ትደርስበታለህ። ውኃ በቀዳዳው ከገባ በኋላ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ገመዱን መንገድ አድርጎ በቋሚው ውስጥ ይጓዝና ገመዱ በሚታጠፍበት ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጉልበትህ ላይ የወደቀው ጠብታ በተሳፋሪው በኩል ካለው መብራት የመጣ ሊሆን ይችላል።

አምስቱም ሲወልቁ ፍርድህን የምትሰጠው እዚህ ላይ ነው። የካቻቢቴ ጫፍ ይዘህ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ዙሪያ ጫን ጫን አድርግ። ላሜራው ጠንካራ ከሆነና ዝገቱ የላይ ብቻ ከሆነ ሥራው ያንተ ነው። ጫፉ ከገባ፣ ወይም ቀዳዳው መብራቱ ከሚሸፍነው በላይ ከሰፋ፣ መኪናውን ወደ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ውሰድ፤ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት። በስቱኮ መድፈን ግን ለመኪናህ በደል ነው። ስቱኮ በጠንካራ ብረት ላይ የተፈጠረን ጎድጓዳ ለማስተካከል የተሠራ ነገር ነው፤ ከሥሩ ብረት ከሌለ አጋሮ ደርሰህ እስክትመለስ መንቀጥቀጡ ይሰነጥቀዋል። ከዚያም የባሰው፣ እርጥበት ይመጥጣል፤ ቀለሙ ከላይ አምሮ ሳለ ከሥሩ ዝገቱ ያድጋል። ውጤቱን በየሳምንቱ ግቢዬ ውስጥ አያለሁ።

ጤነኛ ላሜራ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪታይ ፋቀው። ዝገት የሚያቆም ፈሳሽ ካገኘህ ቀባ፤ ከዚያ የፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ የመኪናውን ቀለም፤ የቀዳዳውን የውስጥ ጠርዝ ጭምር በቀጭን ብሩሽ። «በአንድ ቀን ያልቃል?» ላልከው መልሱ ይኸው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ መብራት ከተጫነበት ተልጦ ይነሳል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ በእኛ አየር ሁለት ሌሊት ቢሆን ይሻላል።

ስለ ማሸጊያው ትንሽ ልቆይ፤ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ቡና ነጋዴ ፒክአፕ እንደዚሁ አምስት መብራት ገጥሜ፣ ከመስታወት ሠራተኞች የሚገኘውን ሲሊኮን ዙሪያውን በልግስና ቀባሁ። እጄን ሳሸተው ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይል ነበር፤ ነገሬም አላልኩት። ከሁለት ክረምት በኋላ መኪናው ተመልሶ መጣ፤ ሲሊኮኑ እንዳለ አለ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር። ሆምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ያ አሲድ ላሜራውንም የገመዱን መዳብም ይበላል። በሲሊኮኑ ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም። ያንን ጣሪያ ከኪሴ ከፍዬ አስበየድኩ። ስለዚህ ሽታውን ሳታረጋግጥ አትግዛ፤ ሆምጣጤ የማይሸተውን ዓይነት፣ ወይም ለመኪና መስታወት የሚውለውን ጥቁሩን ማጣበቂያ ጠይቅ።

አቀባቡም ወግ አለው። መብራቱ የራሱ የጎማ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ የሚነጠፍ ማሸጊያ) ካለው እሱ ዋናው ነው፤ ሳይጣመም በቦታው ይቀመጥ። ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ክፍተት የሌለው ሙሉ ክብ ይሁን። በመብራቱ የውጭ ጠርዝ የምትቀባው ግን ከፊትና ከሁለቱ ጎን ብቻ ይሁን፤ ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍት ተው። እንደምንም ብሎ ከሥር የገባ ውኃ መውጫ ያስፈልገዋል። ዙሪያውን ጥርቅም አድርገህ ከዘጋኸው ገብቶ የሚቀመጥ ኩሬ ሠርተህለታል።

ቪቴዎቹን የማይዝግ ብረት አድርጋቸው፤ ክራቸውን ትንሽ ቫዝሊን ንካው። ስታጠብቅ በእጅህ ብቻ፤ ፕላስቲኩ ከጠበቀበት በላይ ከተጫንከው ዛሬ ባይሰነጠቅ ነገ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ውኃም በዚያው ይገባል።

ገመዱ ላይ ደርሰናል። አሮጌውን ገመድ ለቁጠባ ብለህ አታስቀረው። አምስት አምፖል በ5 ዋት 25 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ከ2 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ወፍራም ገመድም ሪሌም (ብዙ አምፔር በማብሪያው እንዳያልፍ የሚያደርግ መቀያየሪያ) አያስፈልግህም፤ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይበቃል። አንድ ቀይ ለፖዘቲቭ፣ አንድ ጥቁር ለኔጌቲቭ አድርገህ ሁለቱንም አምስቱ መብራቶች ጋ አድርስ። ጥቁሩ የሥራው ቁም ነገር ነው፤ አምስቱም መብራቶች ማሳቸውን ከጣሪያው ቪቴ መለመን ትተው በአንድ ገመድ ወርደው በቋሚው ግርጌ፣ ውኃ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ በአንድ ብሎንና ሮንዴላ ይታሰሩ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢዝግ እንኳ መብራቱ አይጠፋም።

ቀዩን ከፓርኪንግ መብራቱ መስመር ትወስዳለህ፤ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ «ቴይል» ተብሎ የተጻፈው ነው። ከምትወስድበት ቦታ አጠገብ የ3 ወይም የ5 አምፔር ፊውዝ ለብቻው አስገባ፤ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ቢነካካ የኋላ መብራትህ አብሮ እንዳይጠፋ። ገመዱ ላሜራውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ ባዶ ላሜራ በንዝረት ገመድ የሚቆርጥ ቢላዋ ነው። መጋጠሚያዎቹን በሊድ በይድና በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ አልብሳቸው፤ ናስትሮ ብቻ ከሆነ የጅማ እርጥበት ሙጫውን ፈትቶ ያንሸራትተዋል። እያንዳንዱ ገመድ ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንደ ገና ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ውኃ ከተከተለው ከታችኛው ማጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መጋጠሚያው አይወጣም። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልለው የሚነዱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጣሪያ ልባስ ውስጥ ለሚያልፍ ገመድ ይህን ማድረግ ከራስ በላይ እሳት ማንጠልጠል ነው።

ኤልኢዲ አምፖል ልጠቀም ካልክ አልከለክልህም፤ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ንዝረትም ይችላል። ሦስት ነገር ብቻ ልብ በል። ብርቱካናማ ሽፋን ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ ከገባ ቀለሙ ገርጥቶ ይታያል፤ ብርቱካናማውን ግዛ። ኤልኢዲ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ካልበራ አውጥተህ አዙረህ አስገባው፤ «ተበላሽቷል» ብለህ አትመልስ። ርካሹ ዓይነት ደግሞ ሬዲዮህን ያንጫጫዋል፤ መብራት ስታበራ ሬዲዮ ጣቢያው ከጠፋብህ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀይ ወይም ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ነገር ግን ጣሪያህ ላይ አታውጣ፤ እሱ የአምቡላንስና የፖሊስ ምልክት ነው።

ረጅሙን ባር በተመለከተ ያማከረህ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አቀላቅሎብሃል። የጣሪያው መብራት ሰው እንዲያይህ ነው፤ ባሩ አንተ እንድታይ ነው፤ የከተማና የአስፋልት መንገድ ላይ ደግሞ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። 120 ዋት የሚባለው ባር 10 አምፔር ይጎትታል፤ በአሮጌዎቹ ገመዶች ላይ ቢያስሩልህ ወይ ፊውዙ ወይ ማብሪያው ይሄዳል። ክብደቱና ንፋሱም በዛገ ቀዳዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከፈለግከው ሌላ ቀን፣ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ፣ ከሪሌና ከራሱ ማብሪያ ጋር።

ልባሱን ከመመለስህ በፊት የውኃ ፈተናውን አድርግ፤ ይህን የሚዘለው ሰው ልባሱን ሁለት ጊዜ ያወርዳል። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ በባትሪ መብራት ይመልከት፤ አንተ በጀሪካን ውኃ ቀስ እያደረግክ አፍስስ። መጀመሪያ የፊት መስታወቱ ጎማ ላይ ብቻ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ መብራቶቹ ላይ አንድ በአንድ፤ በየመካከሉ ጠብቅ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካፈሰስክ የትኛው እንዳስገባ አታውቅም። የሠላሳ ዓመት መኪና ነውና ውኃው የሚገባው በመስታወቱ ጎማ ሆኖ ከተገኘ አትደነቅ፤ ያን ጊዜ መብራቶቹን በከንቱ ስትረግማቸው ኖረሃል።

ዝናቡ አሁን ከጀመረና ደረቅ ሁለት ቀን ካጣህ፣ ሥራውን እስከ ታኅሣሥ ማቆየት ትችላለህ። እስከዚያው ግን ፊውዙ ጋ ሄደህ የጣሪያውን መስመር ከምንጩ ለየው፤ ጫፉንም በናስትሮ ጠቅልል። መብራቶቹን ባሉበት ተዋቸው፤ ጣሪያው ደረቅ በሆነበት ጠዋት ላያቸውንና ዙሪያቸውን ላሜራው ድረስ በሚደርስ ሰፊ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሸፍናቸው፤ የኋላውን ጠርዝ ብቻ ክፍት ተው። አያምርም፤ ጉልበትህን ግን ያደርቃል።